የመሐሉ ብርሃን

ከሕክምናው በፊት በአትጠገብ ቤት የነበረው የማየት አቅም ይህ ነበር።

አትጠገብ አርባ ስድስት ዓመቷ ሲሆን የእይታዋ ስፋት ስምንት ዲግሪ ነው። ጤነኛ ሰው አንገቱን ሳያዞር ከግራ ትከሻው እስከ ቀኝ ትከሻው ያለውን ያያል። እሷ የምታየው ክንዷን ዘርግታ ብትጨብጥ ጡጫዋ የሚሸፍነውን ያህል ነበር። በዚያች ክብ ውስጥ ያለው ነገር ጥርት ያለ ነው። ከክቧ ውጪ ያለው ጨለማ አይደለም፤ ጨለማም ቢሆን ይታያል። እዚያ ምንም የለም። የበኩር ልጇ ይርዳው በሃያ ሁለት ዓመቱ አሥራ አራት ዲግሪ ነበረው። መካከለኛዋ ስርጉት በአሥራ ስድስት ዓመቷ አሥራ አንድ። የመጨረሻዋ ዙፋን ገና ዘጠኝ ዓመቷ ስለሆነ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በሽታ የጀመራት ከዳር ከዳሩ ብቻ ነበር። ስርጉት ከታላቅ ወንድሟ የባሰባት ለምን እንደሆነ የሕክምና ጣቢያው መርማሪ ብትጠይቅም፣ በአንዳንዱ ልጅ ላይ ይፈጥናል ተብሎ ታለፈ።

ቤቱ ለዚህ እይታ ተስማምቶ የተደራጀ ነበር። ከበሩ እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ መኝታው ገመድ ተወጥሯል። ወንበር ከቦታው አይነሳም። በር ወይ ይዘጋል፣ ወይ እስከ ግድግዳው ተገፍቶ ይከፈታል፤ ገርበብ ያለ በር ግንባር ይፈነክታል። ውኃ የሚቀዳው ጣት ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ተደርጎ ነው። ሲመሽ፣ መብራት ቢበራም እንኳ፣ ሁሉም በያለበት ይቀመጣል። ሲሄዱ ደግሞ የቤቱ ሰዎች በሙሉ አንገታቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራሉ፤ መንገዱን በክባቸው እየጠረጉ ነው የሚያልፉት። ሰፈሩ «ዞር ዞሮች» ይላቸዋል። እነሱም ይህን ስም አይጠሉትም።

አትጠገብ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ጉድለት ለቃሚ ነበረች። ጨርቁ በፊቷ ያልፋል፣ እሷ የተበጠሰውን ክር ታሳያለች። ዓይነ ሙሉዎቹ የሚስቱትን እሷ ታገኘዋለች፤ ዓይኗን የሚሻማ ሌላ ነገር አልነበረማ።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። የዘረመል ሕክምና በየከተማው ጣቢያ ይሰጣል፣ ለየሰው ሳይሆን ለየቤቱ። ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጣቢያዎቹ የእያንዳንዱን ሰው ደም ያነቡ ነበር። ደሙ ከተጠየቀው በላይ ተናገረ። ለዓይን ሊታከሙ የሄዱ ቤተሰቦች አባት የተባለው አባት እንዳልሆነ ተረድተው ተመለሱ። በአንድ ክረምት ብቻ በአንድ ወረዳ የፈረሰው ትዳር ከዚያ በፊት በዓመታት ከፈረሰው በለጠ፤ ሰውም ተገደለ። የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌዎች አንድ ላይ አቤት አሉ። የወጣውን ሕግ ሕዝቡ «አፍ ይበቃል» ብሎ ጠራው። ከአንድ ቤት የአንድ ሰው ደም ብቻ ይነበባል። የቀሩት በእናታቸው መሐላና በአንድ ጎረቤት ምስክርነት ይገባሉ። መድኃኒቱ ለዚያ ቤት ተብሎ ይሠራል፣ በአንድ ቀን ለሁሉም ይሰጣል። ቀኑ የቤት ቀን ይባላል። ሰው ነጭ ለብሶ፣ ዳቦ ይዞ ነው የሚሄደው።

መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርግ ጣቢያው ለሁሉም በግልጽ ቋንቋ ይነግራል። የተበላሸውን የዘረመል ክፍል ቆርጦ ያወጣል፣ በቦታው ጤነኛ መጣፊያ ይጥፋል። መጣፊያው የሚገጥመው ግን ለዚያ ቤት ሰው ብቻ ነው። የቤቱ ሰው በሽታው ባይኖርበትም እንኳ ቢወስደው አይጎዳውም። የሌላ ቤት ሰው ከወሰደው ይቆርጣል፣ አይጥፍም።

ስርጉት ከአትጠገብ ማህፀን አልወጣችም። ሰፈሩ ይህን ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ወላጅ እናቷ ከጨንቻ ለፋብሪካ ሥራ መጥታ የጓሮውን ክፍል የተከራየች ሴት ነበረች። በወለደች በሳምንቷ ትኩሳት ገደላት፣ ዘመድ ተፈልጎ አልተገኘም። አትጠገብ ሽማግሌ ሰበሰበች። አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ ሕፃኗን አጠባቻት። በአገሩ ወግ እንዲህ የጠባ ልጅ ከሆድ ልጅ አይለይም። ውርሱ አንድ ነው፣ ለቅሶው አንድ ነው፣ «የማን ናት?» ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ ነው። አትጠገብ «ከልጆቼ ብለያት ዓይኔን ያጥፋው» ብላ ልትምል ስትል አንደኛው ሽማግሌ አቋረጧት።

«ያንቺ ዓይንማ ምን ቀረውና ትምይበታለሽ? በሚያሳሳሽ ማይ እንጂ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስጠግታ «ብለያት እሷን ይንሳኝ» አለች። ይርዳው ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ማሩን ለመላስ ከሽማግሌዎቹ እግር ሥር ተቀምጦ ነበር።

ስርጉት ሰባት ዓመት ሲሞላት አንድ ማታ ቧንቧው ጋ ተደናቅፋ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ እንደ ሌሎቹ ሲመሽ ትቀመጥ ጀመር። አንገቷን ታዞራለች፣ ጣቷን ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ታደርጋለች፣ በሩን እስከ ግድግዳው ትገፋለች። በልጁ ላይ በሽታ መጣ ብሎ የሚደሰት እናት የለም። አትጠገብ ግን በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ለብቻዋ ስትሆን የሚሰማት ሐዘን ብቻ አልነበረም። ማሩ ደም ሆኗል ብላ አሰበች። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

የቤት ቀናቸው ሲደርስ ምስክር እንዲሆኑ የተጠየቁት የአጥር ጎረቤቷ እትዬ ጦቢያ ናቸው። ከቀኑ ቀደም ብለው መጡ፣ ልጆቹ እስኪወጡ ስለ ጎመኑና ስለ ውኃው መቋረጥ አወሩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አትጠገብ፣ ይቺን ልጅ ግን ከመድኃኒቱ ብትተያት።»

አትጠገብ የቷን ልጅ እንደሆነ አልጠየቀችም።

«በሽታውን ታዲያ ከየት አመጣችው? ከኔ ነው እንጂ።»

«እኔ እንጃ። ባለፈው በጋ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ አጥሩ ሥር መርፌ ወድቆብኝ ያነሳችልኝ እሷ ናት።»

«ዳብሳ ይሆናላ።»

«ይሆናል» አሉ እትዬ ጦቢያ። መርፌ በደረቅ ሣር ውስጥ ተዳብሶ ሲገኝ በዕድሜያቸው አላዩም፤ ነገር ግን ከዚህ በላይ መናገር በዚያ ሰፈር ነፍስ ከመግደል ቀጥሎ ያለ ነውር ነው። ለመመስከር እንደሚመጡ ቃል ሰጥተው ሄዱ።

ጣቢያው ውስጥ መሐላውን የምታስፈጽመው መርማሪዋ ሐያት ነበረች፤ የልጆቹን እይታ የለካችውም እሷ ናት። አራቱን በተርታ አስቀመጠቻቸው። የመጣፊያውን ነገር ሕጉ እንደሚያዘው እንደገና አብራራች፤ ከዚያ ጥያቄውን ጠየቀች። ከእነዚህ ልጆች መካከል ከማህፀንዎ ያልወጣ አለ?

«ሁሉም የኔ ናቸው» አለች አትጠገብ።

«እናቴ፣ ሕጉ አለ ወይም የለም ነው የሚለው።»

አትጠገብ በክቧ ውስጥ የሐያትን አፍ ታይ ነበር። ስርጉት በግራ በኩል ተቀምጣለች፣ ከክቧ ውጪ። ልታያት ብትፈልግ አንገቷን ማዞር ነበረባት፤ ብታዞር ሁሉም የዞረችበትን ያያሉ።

«የለም» አለች።

እትዬ ጦቢያም የለም አሉ።

አስቀድሞ ከአትጠገብ ደም ተነብቦ የተሠራው መድኃኒት በዚያው ቀን ተሰጠ። በቀጭን መርፌ ከዓይን ኋላ ካለው ሬቲና ሥር ይገባል፤ ሕመሙ ትንሽ ነው። አራቱም ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ በአንድ ክፍል ተኙ። ይርዳው ሲመለስ ገመዶቹን ቆርጦ ምድጃ ውስጥ እንደሚጨምራቸው ሲፎክር ዋለ። ዙፋን ፋሻውን ትንሽ ብታነሳው ምን ይመጣል እያለች ስርጉትን ትነዘንዛለች። ስርጉት የእህቷን እጅ ይዛ ተረት ትነግራት ነበር። አትጠገብ ትፈራ እንደሆነ ስትጠይቃት ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር።

«የቤቱ ሰው ሁሉ አይደል የተወጋው?» አለች።

ፋሻው የሚፈታበት ጠዋት ሐያት ከአትጠገብ ጀመረች።

አትጠገብ መጀመሪያ ያየችው ሁለት እጆቿን ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ። ከእጆቿ ጋር አልጋውን፣ ከአልጋው ጋር መስኮቱን፣ ከመስኮቱ ጋር በግራ በኩል የቆመችውን ሐያትን ከነጫማዋ። ነገሮቹ ተራ አልጠበቁም፣ አንድ ላይ መጡ። ወደ ኋላ አፈገፈገች፣ ጀርባዋ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ዙፋን ስትፈታ ሳቀች። ይርዳው አልጋው ላይ ተቀምጦ ክፍሉን ዙሪያውን አየና «ዓለም ይሄን ያህል ዕቃ አለባት እንዴ?» አለ፤ ሐያትም ሳቀች።

ስርጉት መጨረሻ ነበረች። ፋሻው ዞሮ ዞሮ ተፈታ፣ ጥጡ ከዓይኗ ላይ ተነሳ። አትጠገብ ከፊቷ ቆማለች። የዚህችን ልጅ ፊት ለአሥራ ስድስት ዓመት በክፍልፋይ ነበር የምታውቀው፦ ቅንድብ፣ ከዚያ የፊት ጥርስ ፍንጭት፣ ከዚያ አገጯ ላይ ያለችው ጠባሳ። አሁን ሁሉም በቦታው ገብቶ አንድ ፊት ሆነ። የጓሮውን ክፍል የተከራየችው ሴት ፊት ነበር። በግንባሩም፣ በጉንጩም፣ በአፉም አንድም የአትጠገብ ነገር አልነበረበትም።

አትጠገብ አፏን ልትከፍት ስትል ስርጉት ቀደመቻት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

«እማ፣ የኔን የሚፈቱልኝ መቼ ነው?»

ፋሻው ሐያት እጅ ላይ ተጠቅልሎ ነበር።

ይርዳው «አትቀልጂ እንጂ» አላት። እሷም የሚቀልዱባት መስሏት ፈገግ አለች፣ እጇን ወደ ዓይኗ ላከች። ጣቷ የሽፋሽፍቷን ፀጉር ነካ። እንደገና ነካችው። ከዚያ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። ዙፋን ብቻ ነበረች የምትናገረው። አሁን ስንት ጣት ነው? አሁንስ? እያለች እጇን በእህቷ ፊት ታወዛውዛለች። ሐያት መጥታ የዙፋንን እጅ ያዘች።

ሕጉ ጉዳት ሲደርስ የአንድን ሰው ደም ማንበብ ይፈቅዳል። የስርጉት ደም ተነበበ። ውጤቱ በማግሥቱ መጣ፣ አጭር ነበር። የዚያ ቤት ሰው አይደለችም። በሽታው አልነበረባትም። መድኃኒቱ የቆረጠው በሁለቱም ዓይኖቿ ጤነኛ የነበረውን ነው። የተቆረጠው ሊመለስ እንደማይችል ሐኪሙ አትጠገብን ቁጭ አድርጎ ነገራት። እሷ ሰምታ ስትጨርስ «የኔን አውጥታችሁ ለሷ አድርጉላት» አለች። እንደማይሆን አስረዳት። ያንኑ ቃል መልሳ ተናገረች።

ሐያትን ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነበር። ጤነኛ ዓይን እንዴት አሥራ አንድ ዲግሪ ተለካ? መለኪያው ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ነው። ሰው አገጩን አስደግፎ ወደ ውስጥ ያያል፣ ብርሃን ባየ ቁጥር በእጁ የያዘውን ቁልፍ ይጫናል። ስርጉት ሁለት ጊዜ ተለክታ ሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ሰጥታ ነበር። መሣሪያው ተፈተሸ፣ ጉድለት የለበትም። ሐያት ሄዳ ራሷን ልጅቷን ጠየቀቻት። አትጠገብና ይርዳው እዚያው ነበሩ።

«ብርሃኑን ሁሉ አየው ነበር» አለች ስርጉት። «ከዳር ያለውን እተወዋለሁ። የተጫንኩት የመሐሉን ብቻ ነው።»

ለምን እንደሆነ አትጠገብ ጠየቀቻት። ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም ነበር።

ስርጉት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ሲመሽ ሁሉም እንደተቀመጠ ኳስ ከቧንቧው ሥር ተንከባሎ ይገባል። እሷ ሮጣ ታመጣዋለች። ይርዳው ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ኳሱ የሱ ነው፣ ሊያገኘው አልቻለም።

«ይርዳው ‹አንቺ ታያለሽ፣ አንቺ ከኛ አይደለሽም› አለኝ» አለች። «በማግሥቱ ማታ ቧንቧው ጋ ወደቅኩ። ከዚያ ወዲህ ማታ አላይም።»

ይርዳው ይህን እንደተናገረ አያስታውስም። በሙሉ ዓይኑ ወለሉን እያየ ቆሟል።

«መጣፊያው ለባዕድ እንደማይገጥም ሲነግሩን አልሰማሽም?» አለች አትጠገብ።

«ሰምቻለሁ።»

«እና?»

«አንቺ ‹የለም› አልሽ፣ እማ። ስትምዪ ጊዜ አመንኩ። ይርዳው ያኔ ያለኝ ውሸት ነው፣ የሆድሽ ልጅ ነኝ ብዬ አመንኩ። የሆድሽ ልጅ ከሆንኩ ደግሞ ጤነኛም ብሆን አይጎዳኝም።»

አትጠገብ ልጅቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ክንዷን በልጅቷ ትከሻ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ነበር የምታየው፤ ግድግዳው ሰፊ ነው።

ጣቢያው ነገሩን ለሽማግሌዎች ሸንጎ አቀረበ፤ በሐሰት መማል ቅጣት አለውና። ሸንጎው ተቀመጠ፣ ግን ክሱን መስማት አልቻለም። ክሱ እንዲሰማ ከሰፈሩ አንድ ሰው ተነሥቶ ስርጉት የአትጠገብ ልጅ አይደለችም ማለት ነበረበት። የሰፈሩ ሰዎች ተጠሩ፤ አንድ በአንድ መጡ። እትዬ ጦቢያ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«የአትጠገብ ልጅ ናት» አሉ፣ ተቀመጡ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ከሳቸው በኋላ የመጡትም ያንኑ አሉ። የተነበበው ደም ማስረጃ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሕጉን ያወጣነው ለዚህ አይደለም ብለው ተቃወሙ፣ የቀሩትም ተስማሙ። ፋይሉ ተዘጋ። ሕጉ አልተለወጠም። በዚያው ሳምንት በዚያው ጣቢያ ሌላ ቤት ነጭ ለብሶ፣ ዳቦ ይዞ ገባ።

ወደ ቤታቸው የተመለሱ ዕለት ይርዳው ቢላዋ አንሥቶ ገመዱ ጋ ሄደ። ከዚያ ቢላዋውን አስቀምጦ የላላውን ጫፍ ፈታ፣ ስቦ አጥብቆ መልሶ አሰረው። ከበሩ እስከ ጓሮው ክፍል ያልነበረ አዲስ ገመድም ጨመረ። ገርበብ ያለ በር ሲያገኝ አሁንም እስከ ግድግዳው ይገፋል፣ ዙፋን ብትረሳ ይቆጣታል።

አትጠገብ ወደ ፋብሪካው ተመለሰች። ጨርቁ በፊቷ ሲያልፍ የጨርቁን ስፋት፣ የመሽከርከሪያውን ብረት፣ የሴቶቹን ሻሽ፣ በመስኮቱ በኩል ተራራውን ታያለች፤ የተበጠሰው ክር ያመልጣታል። ወደ ማጠፊያው ክፍል አዛወሯት። ማታ ማታ ቤቱ ውስጥ መቀመጥ የሚያስፈልገው ሰው አንድ ብቻ ነው። ስርጉት ስትቀመጥ አትጠገብ ሥራዋን ትታ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ መብራቱን ታጠፋለች። ዙፋን ስታጉረመርም «በዚህ ቤት ሲመሽ ይቀመጣል» ትላታለች።

የቤቱ ሰዎች አንገታቸውን ማዞር ትተዋል። ሐያት ይህን በሌሎች ቤቶችም አይታለች፤ እይታው ሲሰፋ ልማዱ በራሱ ይጠፋል። ስርጉት ብቻ ናት ስትሄድ አሁንም ወደ ግራና ወደ ቀኝ የምታዞረው። ሰፈሩ «ዞር ዞሮች» ማለቱን ትቷል።

በስድስተኛው ወር ለክትትል ተጠሩ። አትጠገብ መቶ አርባ ሁለት ዲግሪ። ይርዳው መቶ ሃምሳ አንድ። ዙፋን ሙሉ። ስርጉት መለካት አያስፈልጋትም ነበር፤ ራሷ ጠየቀች፣ ቤቱ ሁሉ ሲለካ እኔስ አለች። ሐያት አገጯን ከመሣሪያው ላይ አስደገፈችላት፣ ቁልፉን በእጇ አስያዘቻት፣ እንዳየች ወዲያው እንድትጫን ነገረቻት። የዳር ዳሩ ብርሃን በራ፤ ቁልፉ አልተጫነም። የመሐሉ ብርሃን መሣሪያው መስጠት በሚችለው መጠን ደመቀ፣ ተደገመ። በመሐልም ምላሽ አልተመዘገበም።